ጣና ዳር ባለ መንደር ሽንት ቤት በጋራ እንዴት ይሠራል? መዋጮን በየቤቱ አቅም ከመደልደል ጀምሮ

ሐይቅ ዳር ያለ መንደር ሽንት ቤት ልሥራ ሲል ሁለት ነገር ይፈትነዋል። አንዱ ውሃው ነው። በክረምት ከፍ ይልና ጉድጓዱን ይሞላል፣ ግድግዳውን ይንዳል። ሌላው ገንዘቡ ነው። አምስት ቃዳ መሬት የሚያርስ አባወራና በሰው ጀልባ ዓሣ የሚያጠምድ ወጣት እኩል አዋጡ ሲባሉ ወጣቱ አይከራከርም። ዝም ብሎ ከሚቀጥለው ስብሰባ ይቀራል። ከስብሰባው የቀረ ከሥራውም ይቀራል። ቤተሰቡም እንደ ድሮው ሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ መጸዳዳቱን ይቀጥላል።

ይህን የምጽፈው ከባሕር ዳር ዙሪያ እስከ ዘጌ፣ ከዚያም እስከ ቁንዝላ ባለው የጎጃም የጣና ዳርቻ ለምትኖሩ ነው። የእድር ዳኛ ብትሆኑ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ብትሆኑ፣ ወይም ነገሩ ያሳሰባችሁ ነዋሪ ብትሆኑ ይጠቅማችኋል። መዋጮው በየቤቱ አቅም ካልተደለደለ ሥራው መንገድ ላይ ይቀራል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ስለ ጉድጓድ ከማውራቴ በፊት ስለ ገንዘቡ ብዙ እላለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ «ለሰው ለምን እከፍላለሁ?»

ስብሰባ ላይ ደህና ገቢ ያለው ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርም። «እኔ ሽንት ቤት አለኝ፤ ለሌላው ለምን አዋጣለሁ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ይዛችሁ ግቡ።

ጣና ዳር የአንጀት ቢልሃርዚያ አለ። የበሽታው ዕንቁላል ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ዝናብ አጥቦ ሐይቁ ውስጥ ሲከተው ይፈለፈላል። ከዚያ በዳርቻው ሣር ላይ በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከእሷ ሲወጣ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ልብስ የምታጥበው ሴት፣ መረብ የሚጎትተው አጥማጅ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የሚዋኘው ልጅ ሁሉም ይያዛሉ። የባለጸጋው ልጅም እዚያው ነው የሚዋኘው። አባቱ ቤት ያለው የሲሚንቶ ሽንት ቤት ከጎረቤት ዓይነ ምድር አያድነውም። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው መድኃኒት ትሉን ይገድለዋል። ልጁ ነገ ወደዚያው ውሃ ከተመለሰ ግን እንደገና ይያዛል።

ትራኮማም እንዲሁ ነው። በሽታውን ከዓይን ወደ ዓይን የምታመላልሰው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በወደቀ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። ጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ አትራባም። ዝንብ ደግሞ አጥር አያግዳትም።

ይህን በእርጋታ አስረዱ። ማንንም አታሳፍሩ። የሰው ስም እየጠሩ «እነ እገሌ ሜዳ ላይ ነው የሚወጡት» ማለት መንደሩን ለዓመታት ያጣላል። የተሰደበ ሰው ሽንት ቤት ቢሠራም ለይስሙላ ነው፤ አይጠቀምበትም።

1. ዳርቻውን በእግር ዙሩ

ጥር ወይም የካቲት ላይ ውጡ። ውሃው በድሮ ጊዜ የት እንደደረሰ የሚያስታውሱ አንድ ሽማግሌ፣ ውሃ የምትቀዳ አንዲት ሴትና ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። ልጁን አትናቁት። ሰው የት የት እንደሚወጣ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

የምትጠይቁት አንድ ዋና ጥያቄ ነው፦ ውሃው በመስከረምና በጥቅምት የት ድረስ ይመጣል? ጣና ዝናቡ ሲበረታ ወዲያው አይሞላም። ወንዞቹ ያመጡትን ተቀብሎ ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ ይጎድላል። ልዩነቱ በአብዛኛው አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ዳርቻው ሜዳ በሆነበት ቦታ ግን ውሃው ወደ መንደር ብዙ ርቀት ይገባል ማለት ነው። የደረሰበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርጉ።

ቀጥሎ የእጅ ጉድጓዶችን ለኩ። ገመድ ላይ ድንጋይ እሰሩና ውሃው እስኪነካ ጣሉት። የዛሬውን ልኬት ጻፉ። በመስከረም ምን ያህል ከፍ እንደሚል የጉድጓዱን ባለቤት ጠይቁ። ለሥራችሁ የሚያስፈልጋችሁ የመስከረሙ ልኬት ነው። በየካቲት ደረቅ ነው ተብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ በነሐሴ ዓይነ ምድሩን ይዞ ብቅ ይላል።

በዚህ ዓይነት መንደራችሁን በሦስት ክፈሉት። በመስከረም ውሃው ከ5 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የሚገኝበት ከፍተኛ ቦታ፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር የሆነበት መካከለኛ ቦታ፣ ከ3 ሜትር ያነሰበት ወይም ጎርፍ የሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ። መሬት ላይ በአመድ ካርታ ሣሉ፤ እያንዳንዱን ቤት በጠጠር አሳዩ።

2. የቤቶችን አቅም ለዩ

ይህ ደረጃ ከተበላሸ ቀጣዩ ሁሉ ይበላሻል። ጊዜ ስጡት።

መለኪያው ከቦታ ቦታ ይለያል። እርሻ በሚታረስበት ቀበሌ ሰው ጥማድ በሬና ቃዳ ይቆጥራል። ዘጌ ላይ ግን በሬ መቁጠር ትርጉም የለውም። እዚያ ማረስ ከጥንት ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው። አጥማጆች መካከል ደግሞ ልዩነቱ ያለው ጀልባና መረብ ባለውና በድርሻ ብቻ በሚሠራው መካከል ነው። ባሕር ዳር ጥግ ላይ የቤት ኪራይ፣ የቀን ሥራ፣ የጫት ማሳና የመስኖ አትክልት ይገባሉ። ቆርቆሮ ጣራ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ቆርቆሮ ክዳን ሥር የሚራብ ቤት ብዙ ነው።

አርሶ አደር በሆነበት መንደር ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የዘንድሮው እህል እስከ የትኛው ወር ያደርሳችኋል?» እስከ ሚያዝያ የሚል ቤትና እስከ ሚቀጥለው ኅዳር የሚል ቤት አንድ ዓይነት መዋጮ ሊከፍሉ አይችሉም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእያንዳንዱን ቤት ስም በቁራጭ ወረቀት ጻፉ። ሦስት ቡድን አዘጋጁ፦ የሽማግሌዎች፣ የሴቶችና የወጣቶች። ሦስቱም ለየብቻ ተቀምጠው ወረቀቶቹን በአራት ክምር ይለዩ። ሀ ደህና ገቢ ያለው፣ ለ መካከለኛ፣ ሐ እየቆጠበ እንደ ምንም የሚኖር፣ መ ከዓመት ዓመት የማይደርስለት። ከዚያ ሦስቱን አወዳድሩ። የተስማሙበትን ተዉት፤ የተለያዩበትን ብቻ ተነጋገሩበት። ሴቶቹ የለዩትን በጥሞና ስሙ። ማን ምሽት ላይ እሳት ሳያነድ እንደሚያድር፣ ማን ዱቄት እንደሚበደር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በስህተት የሚመደቡ ቤቶች አሉ። ባላቸው የሞተባቸው እናት መሬት ስላላቸው መካከለኛ ተብለው ይመደባሉ። «እማማ፣ እርስዎ እኮ አራት ቃዳ አለዎት» ሲሏቸው «አለኝ ልጄ፤ በሬ ነው የሌለኝ። በእኩል ነው የማሳርሰው» ይላሉ። ምርቱ ግማሹ የአራሹ ነው። ስለዚህ የእሳቸው አራት ቃዳ እንደ ሁለት ይቆጠር። በተቃራኒው፣ ቤቷ ጭቃና ሣር ሆኖ ልጇ ከዐረብ አገር ገንዘብ የምትልክላት እናት ከሚታየው የተሻለ አቅም ሊኖራት ይችላል። የታመመ ሰው የሚያስታምም ቤት ደግሞ ገቢው ቢኖርም ወጪው አያስተርፍለትም።

ባሕር ዳር ዙሪያ ሐይቁ ጥግ የሚኖሩ የነገደ ወይጦ ቤተሰቦችን አትዝለሉ። ብዙዎቹ የእርሻ መሬት የላቸውም። ኑሯቸው ደንገል፣ ታንኳ፣ ዓሣና የእጅ ሥራ ነው። ከማንም በላይ ለውሃው የቀረቡ ናቸው፤ በስብሰባ ግን ብዙ ጊዜ አይጠሩም። በክብር ጥሯቸው። ከኮሚቴው ውስጥም ሰው ይኑራቸው።

ዝርዝሩን በአደባባይ አታንብቡ። ለየቤቱ ሄዳችሁ ብቻውን ንገሩት። ቅር ያለው ሰው ቅሬታውን የሚያሰማበት አንድ ሳምንት ስጡ።

3. መዋጮውን ደልድሉ

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። 40 ቤት ያለው ጎጥ ነው እንበል። ለሲሚንቶ፣ ለአሸዋና ጠጠር፣ ለሽቦ፣ ለግንበኛና ለዝቅተኛው ቦታ ተጨማሪ ወጪ በድምሩ 54,000 ብር ያስፈልጋል። እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ ቤት 1,350 ብር ይደርሳል። ይህ ለሀ ቤት የአንድ ገበያ ቀን ጉዳይ ነው። ለመ ቤት ግን የማይሞከር ነው።

አሁን በድርሻ አስሉት። ሐ አንድ ድርሻ፣ ለ ሁለት ድርሻ፣ ሀ አራት ድርሻ ይክፈል። መ ገንዘብ አይከፍልም። በጎጡ 4 የሀ፣ 10 የለ፣ 18 የሐ፣ 8 የመ ቤቶች ካሉ ድርሻው 16 ሲደመር 20 ሲደመር 18፣ በጠቅላላው 54 ይሆናል። 54,000ን ለ54 ስታካፍሉ አንድ ድርሻ 1,000 ብር ነው። ስለዚህ ሐ 1,000፣ ለ 2,000፣ ሀ 4,000 ብር ይከፍላል። ቁጥሮቹን በእናንተ ቁጥር ተኩ፤ አሠራሩ አንድ ነው።

የሀ ቤቶች «አራት እጥፍ በዛ» ሊሉ ይችላሉ። ተነጋገሩ። ሦስት እጥፍ ላይ ብትስማሙም መልካም ነው። በስምምነት የተገኘ ሦስት እጥፍ በግዴታ ከተጫነ አራት እጥፍ ይሻላል። ስምምነቱን ግን በቃለ ጉባኤ አስፍሩ።

መ ውስጥ ያለ ጉልበት ያለው ቤት በጉልበት ያዋጣ። ለምሳሌ ስድስት የሥራ ቀን። ድንጋይ ማጓጓዝ፣ አሸዋ መንፋት፣ ጉድጓድ መቆፈር ሁሉም ይቆጠራል። ሴቶች ውሃ ሲቀዱና ጭቃ ሲመርጉ የዋሉበትም እንዲሁ። የሴቶች ድካም በመዝገብ ሳይገባ ሲቀር ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህ መቅረት አለበት። መዝገቡ ላይ በጉልበት የከፈለውን «አልከፈለም» ብላችሁ አትጻፉ። «ከፍሏል» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ የተጻፈለት ሰው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ይናገራል። አቅመ ደካማ ሽማግሌ ወይም አልጋ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ግን ምንም አትጠይቁ። መንደሩ ይሥራለት።

የዝቅተኛው ቦታ ሽንት ቤት ከሌላው ይወደዳል። ጭማሪውን ያ ቤተሰብ ብቻውን ይሸከም የሚል ሐሳብ ይነሳል። አትቀበሉት። ጎርፍ የሚተኛበት ቦታ ላይ ቤት የሚሠራው ሌላ ቦታ ያጣ ሰው ነው፤ በአብዛኛው ሐ ወይም መ ነው። ከእሱ ግቢ የሚወጣው ቆሻሻ ደግሞ ወደ ሐይቁ ለመድረስ አንድ ዝናብ ይበቃዋል። ስለዚህ ጭማሪው ከጋራው ሣጥን ይውጣ።

ለግድግዳ፣ ለጣራና ለበር የሚወጣውን ግን እያንዳንዱ ቤት በራሱ ቢችለው ጥሩ ነው። ለዚህ ዕቁብ ያግዛል። አሥር የ«ለ» እና የ«ሐ» ቤቶች በሳምንት 150 ብር ቢጥሉ፣ በየሳምንቱ ዕጣ የወጣለት ቤት 1,500 ብር ያገኛል። በአሥር ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። ዕጣው የወጣለት ገንዘቡን ሳይሆን ዕቃውን እንዲወስድ ተስማሙ። ለመ ቤት ግን ለሽንት ቤት ብሎ ብድር ማስገባት አይገባም። ብድሩን ለመክፈል ፍየሏን ይሸጣል።

4. የሚከፈልበትን ወር ምረጡ

ጤፉ ከታጨደና ከተወቃ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ የአርሶ አደሩ እጅ ገንዘብ ይይዛል። ጥር ግን የሠርግ ወር መሆኑን አትርሱ። የአጥማጁ ገበያ የሚሞቀው በዓቢይ ጾም ነው፤ ብዙ ሰው ዓሣ የሚፈልገው ያኔ ነው። የዘጌ ሰው ቡናውን ወይም ጌሾውን ሲሸጥ ይክፈል። ደመወዝተኛው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይቁረጥ።

ከግንቦት እስከ መስከረም ማንንም ገንዘብ አትጠይቁ። ግንቦትና ሰኔ ማዳበሪያ ይገዛል። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ይሟጠጣል። መስከረም ላይ ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስ አለ።

5. ገንዘቡን የሚይዘው ማን ነው?

ሦስት ፈራሚ ያለው የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ከእድሩ የቀብር ገንዘብ ጋር አትቀላቅሉት። ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይቆረጥ፤ ለጉልበትም ጭምር። እድሩ በሚሰበሰብበት ቀን ሁሉ የገባውና የወጣው ጮክ ተብሎ ይነበብ። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያምነው በጆሮው የሰማውን ነው።

6. መሬቱ የሚፈቅደውን ሽንት ቤት ምረጡ

ለሦስቱም ቦታ የሚሠሩ ሕጎች አሉ። ሽንት ቤቱ ከእጅ ጉድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከእነሱም ቁልቁል በኩል ይሁን። የጉድጓዱ ወለል ከመስከረሙ የውሃ ከፍታ ቢያንስ 2 ሜትር በላይ ይቅር። ከሐይቁ ዳር ያለውን ደንገልና ሣር አትመንጥሩ። ከመንደሩ የሚወርደውን ጎርፍ የሚያጣራላችሁ እሱ ነው። ሐይቁን ያስጨነቀው እምቦጭም የሚፋፋው ከእርሻና ከሰፈር ታጥቦ በሚገባ ምግብ ነው።

ከፍተኛው ቦታ ላይ ቀይ አፈር ካለ ሥራው ቀላል ነው። ዲያሜትሩ 1 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ ቆፍሩ። ክብ ጉድጓድ ከአራት ማዕዘን ይልቅ መናድን ይቋቋማል። ለጥልቀቱ እንዲህ አስቡ፦ አንድ ሰው በዓመት 60 ሊትር ገደማ ያጠራቅማል። ስድስት ሰው ያለው ቤት በዓመት 360 ሊትር ይሆናል። 2 ሜትር የተቆፈረ ጉድጓድ ላይኛው ግማሽ ሜትር ባዶ ሲተው 1,180 ሊትር ያህል ይይዛል። ከሦስት ዓመት በላይ ያገለግላል ማለት ነው። 3 ሜትር ከሆነ ከአምስት ዓመት በላይ ይሄዳል።

መካከለኛው ቦታ ላይ፣ በተለይ አፈሩ ዋልካ ከሆነ፣ ጥልቀት አታብዙ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ያልተገነባ ጉድጓድ ይንዳል። ውሃው በመስከረም 3 ሜትር ተኩል ላይ ከሆነ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ አትቆፍሩ። ዙሪያውን በደረቅ ድንጋይ ካቡት። ከመሬት በላይ ደግሞ ግማሽ ሜትር ያህል በጭቃና ድንጋይ ገንብታችሁ አፈር ደልድሉበት። ጎርፍ እንዳይገባም ከላይ በኩል ቦይ አውጡ። ድንጋይ በሌለበት ቀርከሃ ተጎንጉኖ ለጊዜው ይደግፋል። ከእንጅባራ በኩል ይመጣል። ለዘለቄታው ግን ድንጋይ ይበልጣል።

የቡናና የጌሾ ግቢ ላለው ሌላ ርካሽ መንገድ አለ። 1 ሜትር ጥልቀትና 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል። በላዩ የሚነሳ ቀላል ወለልና ቀላል ግድግዳ ይደረጋል። ከተጠቀሙ በኋላ ሁልጊዜ አመድና አፈር ይጨመራል። በአንድ ዓመት ገደማ ሲሞላ ወለሉ ወደ አዲስ ጉድጓድ ይዛወራል። አሮጌው በአፈር ይደፈንና ክረምት ሲገባ ፓፓያ፣ ማንጎ ወይም ጌሾ ይተከልበታል። ለሐና ለመ ቤቶች በጣም የሚመች ነው። ጥቅሙን ዛፉ ላይ ያዩታል። የ2 ሜትሩ ሕግ እዚህም ይሠራል። ስለዚህ የመስከረሙ ውሃ ከ3 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ በሚገኝበት ቦታ ብቻ አድርጉት።

ዝቅተኛው ቦታ ላይ ጭራሽ አትቆፍሩ። ከመሬት በላይ ሥሩ። ከጎርፉ ምልክት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች ይገነባሉ። እያንዳንዱ ርዝመቱም ስፋቱም 1 ሜትር፣ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ወለላቸውና ግድግዳቸው በሲሚንቶ ይለሰን። በደረጃ ይወጣል። ሽንት ለብቻው በቱቦ ወደ ጄሪካን ይወርዳል። ወደ ክፍሉ የሚገባው ዓይነ ምድርና አመድ ብቻ ነው። አንዱ ክፍል ሲሞላ ይዘጋና ሌላው ይከፈታል። የተዘጋው ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ይቆይ፤ ከዚያ በላይ ቢቆይ የተሻለ ነው። የወስፋት ዕንቁላል ረጅም ጊዜ ይቆያልና አትቸኩሉ። ሲወጣ በቡና፣ በጌሾ ወይም በፍራፍሬ ዛፍ ሥር ይቀበር። ለጎመን፣ ለሰላጣና ለካሮት አይሆንም።

ይህ ዓይነቱ ሽንት ቤት ልምምድ ይፈልጋል። ውሃ ከገባበት ይሸታል፤ ጥቅሙም ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ብቻ ሥሩ። ቤተሰቡ ለሁለት ወር ይጠቀምበት። ጎረቤት መጥቶ ይይ፣ ይጠይቅ። ከዚያ ሌሎቹን ቀጥሉ።

ስለ ወለሉ። ርዝመቱም ስፋቱም 60 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ የሲሚንቶ ወለል (ስላብ) በእንጨት ርብራብ መሐል ይቀመጣል። አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ አምስት ስድስት ያወጣል። ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ነው። ውስጡ ሽቦ ይግባ። ከተሞላ በኋላ ጆንያ አልብሳችሁ ለሰባት ቀን ውሃ አጠጡት። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን የተነሳ ስላብ በሁለተኛው ዓመት ይሰነጠቃል። ቀዳዳው በሁለት ወገን የእግር መርገጫ ይኑረው፤ ክዳንም ይሠራለት። ሕፃን ልጅ የማይፈራው ጠባብ ቀዳዳ ይሁን።

7. ሥራውን በደቦ፣ ግን ያለ ድግስ

ደቦ የሚጠራ ሰው ጠላና እንጀራ ያቀርባል። የመ ቤት ይህን ስለማይችል ደቦ አይጠራም፤ ጉድጓዱም ሳይቆፈር ይቀራል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ሁሉም የየራሱን ስንቅ ይዞ ይምጣ ብላችሁ አውጁ። ወይም ከጋራው ሣጥን ቆሎና ጠላ ይዘጋጅ። ወንፈልም ይሠራል፦ አምስት ቤቶች ይያያዙና በየተራ የአንዳቸውን ጉድጓድ ይቆፍሩ።

ቀኑን ከቄሰ ገበዙ ጋር ቁረጡ። በቅዳሜ፣ በእሑድና በወር በዓላት አፈር አይቆፈርም። ይህን ሳያዩ የሥራ ቀን የወሰነ ኮሚቴ ብቻውን ይቆማል። ዓቢይ ጾም ላይ ከሆነ ሥራው ማለዳ ይጀመርና ፀሐዩ ሳይበረታ ያብቃ። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ቃል ቢናገሩ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ቅደም ተከተሉ ከ«መ» እና ከ«ሐ» ቤቶች፣ ከዝቅተኛው ቦታ ይጀምር። የሀ ቤቶች መጨረሻ ይሁኑ። ሲጀመር ከሀ ከሆነ ገንዘቡ እዚያው ያልቃል።

ከሽንት ቤቱ ደጃፍ የእጅ መታጠቢያ ስቀሉ። ሥሩ በምስማር የተበሳ ጄሪካን፣ ቀዳዳውን የሚዘጋ እንጨትና ሳሙና በገመድ ይበቃል። ሳሙና ከሌለ አመድ ይሠራል። በሩ በውስጥ በኩል ይዘጋ። በሩ የማይዘጋ ሽንት ቤት ሴቶችና ወጣት ልጃገረዶች አይገቡበትም፤ ጨለማ ጠብቀው ወደ ደንገሉ ይሄዳሉ። የሕፃናት ዓይነ ምድርም ተጠርጎ እዚያው ይጣል። ምንም አያደርግም የሚሉ አሉ፤ ከአዋቂው እኩል በሽታ ይይዛል።

8. የጀልባ መውጫና ተከራይ

ዓሣ የሚራገፍበት፣ ጀልባ የሚቆምበት ቦታ የማንም ቤት አይደለም። ስለዚህ ማንም አይሠራበትም። ከሌላ ቦታ መጥተው የሚያጠምዱ፣ ወደ ገዳማቱ የሚሻገሩ ምዕመናን፣ የገበያ ቀን ተጓዦች ሁሉ እዚያ ይወጣሉ። ለዚህ ቦታ የጋራ ሽንት ቤት ሥሩ። ጀልባ ያላቸው የበለጠውን ይክፈሉ። ለጠራጊው ከተጠቃሚው ትንሽ ሳንቲም ይሰብሰብ። ጠራጊው ከመ ቤቶች አንዱ ቢሆን ሥራም ገቢም ይሆንለታል፤ ጓንትና ቦቲ ግን ይገዛለት።

ከተማ ጥግ ላይ ተከራይ ሽንት ቤት ሥራ አይባልም። ግቢው የባለቤቱ ነውና መዋጮው የባለቤቱ ነው። ተከራዩ ማጽዳቱን ይካፈል።

9. ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ

ጥቅምት ላይ ያንኑ ዳርቻ እንደገና ዙሩ። የትኛው ጉድጓድ ውሃ ገባበት? የትኛው ተናደ? የትኛውስ ንጹሕ ሆኖ መንገዱ ሣር በቅሎበታል? ሣር የበቀለበት መንገድ ማንም እንደማይሄድበት ይናገራል። ባለቤቱን ለምን እንደተወው በቅንነት ጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልሱ ሽታ፣ በር ወይም የጨለማ ፍርሃት ነው። ሦስቱም በትንሽ ወጪ ይስተካከላሉ።

ኅዳር ላይ የአቅም ዝርዝሩን አውጡና እንደገና እዩት። በሬው የሞተበት ከለ ወደ ሐ ይወርዳል። ጀልባ የገዛው ከሐ ወደ ለ ይወጣል። ባል የሞተባት፣ ልጅ ያገባላት፣ ከዐረብ አገር የተመለሰች ሁሉ ቦታቸው ይቀየራል። ለጥገናና ለሚቀጥለው ዓመት የሚያስፈልገውን ደምሩ፤ በአዲሱ ድርሻ አካፍሉ፤ ጤፉ ሳይሸጥ በፊት ለየቤቱ ንገሩ።